በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ተቆጣጣሪ» ዕቃ እንጂ ሰው ስላለመሆኑ

የምስክር ስም፦ ጴጥሮስ ሙሉካ
ዕድሜ፦ 63 ዓመት
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ መምህር
አድራሻ፦ ዲላ ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ አጥሩ ጽድ የሆነው ሁለተኛ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ተሻለ ይርጉ

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አንድ ነው። ባለፈው ዓርብ ኬላው ላይ በተያዘው ወረቀት «ተቆጣጣሪ» ተብሎ የተጻፈው ሰው አይደለም። የመማሪያ መጽሐፍ የሚያህል፣ ስድስት ሽቦ የሚገባበት ዕቃ ነው። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከሊፋ ሙሐዲን የታሰረው በእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

የኢዲዶ ገበሬዎች ማኅበር በ1976 ዓ.ም. አንድ አሮጌ አምቡላንስ ገዝቶ ለመሠረተ ትምህርት ሥራ አስረከበኝ። ውስጡን አልጋ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያና ጥቁር ሰሌዳ አስገጠምሁበት። በሳምንት አራት ቀን ኢዲዶና ዱመርሶ እየተመላለስሁ፣ እዚያው መኪናው ውስጥ እያደርሁ፣ ገበሬዎቹ ከሥራ ሲመለሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል አስተምራለሁ። በዚያ አገር የመብራት መስመር የለም። መብራታችን ኩራዝ ነበር፤ ጢሱ ዓይን ስለሚያቃጥል ተማሪዎቼ ፊደሉን የሚያዩት በእንባ ነበር።

ከሊፋ ሙሐዲን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዘንድሮ ጥር ወር ላይ ቤቴ መጥቶ መኪናውን በፀሐይ ኃይል አበራልዎታለሁ አለኝ። ለምን እንደሚደክምልኝ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እናቴን ከጣት አሻራ ያወጧት እርስዎ አይደሉ?» አለ። እናቱ ወይዘሮ ጦይባ ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ከእኔ ነው።

ለክትባት ማቀዝቀዣ መጥተው የተረፉ የፀሐይ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚሸጡ ሰምቶ ነበርና ከመሄዱ በፊት የሚያስፈልገንን አሰላሁ። ሁለት መብራት፣ እያንዳንዱ 15 ዋት፣ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት፤ በተጨማሪም አንድ ቴፕ። በስሌቴ መሠረት ባለ 40 ዋት አንድ ሰሌዳ ይበቃል። ከሊፋ ወረቀቴን አይቶ ሳቀ። «ስሌቱስ ትክክል ነው ጋሼ፤ የኢዲዶን ደመና ግን አላስተማሩትም» አለኝ። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰሌዳ ሆነ። ባትሪውን በተመለከተ እኔ የካሚዮን ባትሪ ይበቃል ብዬ ነበር። እርሱ ግን የካሚዮን ባትሪ ቡጢ እንጂ ሸክም አያውቅም፣ ሞተር ለማስነሣት አንዴ መትቶ ያርፋል፣ በየምሽቱ ቀስ በቀስ ከተቀዳ ስድስት ወር አይቆይም ብሎ፣ የውስጡ እርሳስ ወፍራም የሆነውንና ከባዱን ባትሪ መርጦ አመጣ። ሦስተኛው ዕቃ በሰሌዳውና በባትሪው መካከል የሚገባው፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። ባትሪው ሲሞላ ከፀሐዩ የሚመጣውን ይዘጋል፤ ባትሪው ሲደክም መብራቱን ያጠፋል። ከሊፋ ያመጣው እስከ 10 አምፔር የሚችለውን ነው።

የዕቃው መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለነበረ በአማርኛ እንድጽፍለት ለመነኝ። ሚያዝያ 30 ቀን በአንድ የደብተር ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት፦ «አስቀድመህ ተቆጣጣሪውን እሰረው። ፀሐዩን የምታመጣው ከታሰረ በኋላ ነው። ከአሥር በላይ አታሳልፍ፤ ካሳለፍህ ተቆጣጣሪው ይቃጠላል።»

ሥራውን የሚሠራ ሰው ተቆጣጣሪ ነው፤ ሥራው የሚሠራበት ዕቃ መቆጣጠሪያ ነው። ይህን ልዩነት ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ። ዕቃው ማንም ሳያዘው ራሱ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ከሊፋ ስለነገረኝ ሳላስተውል እንደ ሰው ቆጠርሁት።

ሐሙስ ግንቦት 7 ቀን ኢዲዶ ላይ ዕቃዎቹን ገጠመ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ በራ። ካሳነሽ የምትባል የሃምሳ ዓመት ተማሪዬ እጇን ወደ መብራቱ ዘርግታ፣ «ጢሱስ በየት ወጣ?» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችው። ያን ምሽት ዓይኑን የጠረገ ተማሪ አላየሁም።

ዓርብ ጠዋት ከሊፋ ለጁምዓ ለመድረስ ቸኩሎ ስለነበር በ2 ሰዓት ተነሣን። ከወናጎ አልፈን በ4 ሰዓት ገደማ በድብቅ የሚያልፍ ቡና የሚፈተሽበት ኬላ ላይ ደረስን። የኬላው ተቆጣጣሪ ጓድ ታረቀኝ መኪናውን ፈተሸ። አልጋው ሥር የተሠራውን የባትሪ ሣጥን ሲያይ፣ «እዚህ ስንት ኪሎ ቡና ይገባል?» አለ። ከሊፋም፣ «ቡና ከገባበት መብራቱ ጠጥቶ እንቅልፍ ያጣል» ብሎ ቀለደ። ታረቀኝ አልሳቀም። ከሊፋ ኪስ ውስጥ ወረቀቱን አግኝቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «አስቀድመህ ተቆጣጣሪውን እሰረው» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። «እኔን ነው?» አለ። አሥር የሚለውን አሥር ኩንታል ቡና፣ ይቃጠላል የሚለውን በእርሱ ላይ የተዶለተ አድርጎ ተረዳው። እኔ ወርጄ፣ «ዕቃው ነው፤ ሰው አይደለም» ብዬ አስረዳሁ። እርሱም፣ «መምህር፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ የተጻፈውን አንብብ፣ የሌለውን አትጨምር ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የተጻፈው ተቆጣጣሪ ነው» አለኝ። ከሊፋን ወዲያው ወደዚህ ጣቢያ ወሰዱት፤ መኪናውም ኬላው ላይ ቀረ።

ሃምሳ አለቃ ተሻለ በጓድ ታረቀኝ ላይ ቅሬታ እንዳለኝ ጠይቀውኛል። የለኝም። ያነበበው የተጻፈውን ነው፤ እንዲያውም አመሰግነዋለሁ። ሃምሳ አለቃውም ዛሬ መቆጣጠሪያውን ከመኪናው አስፈትተው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሽቦ የሚገባባቸውን ስድስቱንም ቦታዎች አንድ በአንድ ከእኔ ጋር ስለቆጠሩ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ከሊፋን ነው። እርሱ የሠራልኝ ብርሃን ነው፤ እኔ የሰጠሁት ወረቀት ነው።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ። ተነብቦልኝ በአንድ ስፍራ እንደገና «ተቆጣጣሪው ከመኪናው ተፈታ» ተብሎ ተጽፎ ስላገኘሁ በእጄ ሠርዤ «መቆጣጠሪያው» ብዬ አርሜአለሁ። የቀረው ሁሉ ያየሁትና የሠራሁት እውነት ነው።

የከሊፋ ባለቤት ሱራያ አራት ቀን ሙሉ ስንቅ ይዛ በዚህ ጣቢያ በር ላይ ስትቆም አይቻለሁ፤ አሁንም ቆማለች። ስለዚህ ከሊፋ የሚፈታ መሆኑ፣ የማይፈታም ከሆነ ምክንያቱ፣ እስከ ነገ ረፋድ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የአንድ ቃል ነው፤ ቃሉም የእኔ ነው። ለቃሉ የሚታሰር ሰው የግድ ካስፈለገ፣ አድራሻዬ ከላይ ተጽፏል።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጴጥሮስ ሙሉካ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ተሻለ ይርጉ