«ና» ብዬ የጠራሁት ማንን ነው

«ና፣ ና፣ ና» እያልኩ ጓደኛዬን ሰይድን ከነቦክሲ ፒካፑ ወደ ኋላ አስገባዋለሁ። ሳጃና ሰፈር፣ ዘይነብ ቤት በር ላይ ነን፤ ወደ ካላክላ ሰፈር ልትዛወር ስለሆነ ዕቃዋን ልንጭን ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሦስት ሰው ዕቃ ስሸከም ስለዋልኩ ጉልበቴ አልቋል። ዓይኔን የግራው ጎማና ግንቡ ላይ ተክዬ ምላሴ ብቻ ነው የሚሠራው። «ና፣ ና፣ ያላ ና»። ዞር ስል የዘይነብ ልጅ፣ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ያልሞላው፣ በቀኝ በኩል ከመኪናው ኋላ ገብቶ፣ እጁን ዘርግቶ እየተንገዳገደ ወደ እኔ ይመጣል። እሱን የጠራሁት መስሎታል። «ቁም» ብዬ ጮህኩ። ሰይድ ቆመ። ልጁም እሺ ብሎ ቆመ፤ እዚያው፣ ጎማው ሥር። በመካከላቸው አንድ ስንዝር አይሞላም።

አንስቼ ሳቅፈው እሱ ይስቃል። ሰይድ ወርዶ «አንተ፣ ዓይንህን ሸጠኸዋል እንዴ?» አለኝ። አፌ አላርፍ ብሎ ዘይነብን «እታለም፣ መኪና ሲገባ ልጅ ይያዛል እኮ» አልኳት። ፍራሽ ተሸክማ እየወጣች ነበር። ፍራሹን አስቀምጣ ልጁን ተቀበለችኝ። አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም የደከማት ይመስላል።

«ሰው ሲጠራህ ቶሎ ና ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ ሲጠሩህ አትምጣ ልበለው?»