ለንጉሡ የተላከ ሽማግሌ

ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ያለው ተማሪ በስልኩ የድሮ ነገሥታት ጦርነት ይጫወታል። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት አላስችል አላቸው።

«ይኼ ቀዩ ማነው?»

«ጎረቤት ንጉሥ ነው፣ አባባ። ልወጋው ነው፤ ጦሬ ወንዙን ተሻግሯል።»

«ምን በደለህ?»

«የሰላም መልእክተኛ ብልክ እምቢ አለኝ።»

«ስንቴ ላክህ?»

«አንዴ።»

«አንዴማ ማንም እምቢ ይላል። ሴት ልጁን የሚድር አባት እንኳ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ድገም።»

«አሁንም እምቢ አለ።»

«ወላሂ ወግ ያውቃል። ጦርህን ከወንዙ ወዲህ መልስና ሦስተኛውን ላክ። ጦር አስከትሎ የሚለምን ሽማግሌ የለም።»

ተማሪው ጦሩን መልሶ ሦስተኛውን መልእክተኛ ላከና ሳቀ።

«እሺ አለ፣ አባባ።»

«ይላላ።»

ባለፈው ወር አጎቴን ሽማግሌ ልኬ አንዴ እምቢ ስባል ነገሩን የተውኩት እኔ፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ የአጎቴን ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ።