አግዳሚው ላይ የረዘምሁበት ቀን

የሰው ቁመት መለካት ነውር መሆኑን ሳላጣው ይህን ስለማወራችሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽማግሌ የላክሁባት ልጅ አባት «ከልጄ ለሚያጥር ወንድ አልድርም፤ አምጡትና ልየው» ብለው ቆሰበር ከተማ ወዳለው ቤታቸው ጠሩኝ። አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ በግማሽ ጭንቅላት በለጥኋት፤ አባትየው ፈቀዱ። «ለምርቃት ተነሡ» ሲባል ግን ልጅቷ ተነሥታ አላልቅ አለች። ለካ የወንድ ቁመቱ ከወገብ በላይ፣ የሴት ከወገብ በታች ኖሯል! እኔ አግዳሚው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

«ምነው ልጄ፣ አትነሣም?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው፣ አባቴ።»

«ለበሽተኛማ ጭራሽ አልድርም!»

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ተነሥ ሞኙ፣ በቀሚሴ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌልሃለሁ» አለችኝ። ተነሣሁ። እንደዚያ ቀን ምርቃት ረዝሞብኝ አያውቅም፤ ቀሚሷ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ «አሜን» ስል ድምፄም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ተጋባን። አማቴ ዛሬም በጤና ስላሉ፣ እባካችሁ ወሬው ከዚህ እንዳያልፍ።