በፕላኔታሪየሙ ደረጃ ላይ ስለ ወደቁት ጥበቃ የተሰጠ ቃል

የቃል ሰጪዋ ስም፦ ለብቻው በታሸገ ፖስታ ተይዟል
ዕድሜ፦ 27
የትምህርት ደረጃ፦ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ፊዚክስ
ሥራ፦ ለጊዜው የለኝም፤ ከስምንት ሳምንት በፊት ድረስ የዩኒቨርሲቲው ፕላኔታሪየም ኦፕሬተር
አድራሻ፦ ከእናቴ ጋር፣ ከልብስ ስፌት ሱቋ ጀርባ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ እሑድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ጀምሮ

እኔ ከላይ ዕድሜዬና ሥራዬ የተገለጸው ቃል ሰጪ፣ ትናንት ቅዳሜ በፕላኔታሪየሙ አዳራሽ ውስጥ ሆን ብለሽ መብራት በማብራት የሕዝብ ትርኢት አቋርጠሻል፣ በዚህም የተነሣ የጥበቃ ሠራተኛው ዓይናቸው በብርሃን ተወግቶ ወድቀዋል ተብዬ ስለተጠየቅሁ ቃሌን እሰጣለሁ። መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ። ይህን አልክድም። ጥበቃው የወደቁት ግን እኔ ከወንበሬ ከመነሣቴ በፊት ነው።

በአዳራሹ ለሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። ሰማንያ ወንበር አለው። መግቢያው ከላይ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ በወንበሮቹ መካከል አሥራ አራት ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ሰማዩን ጣሪያው ላይ የሚያወጣው ፕሮጀክተር ከታች መሀል ላይ፣ የኦፕሬተሯ ጠረጴዛ ደግሞ ከላይ በሩ አጠገብ ነው። ጠረጴዛው እዚያ የተቀመጠው ኦፕሬተሯ ሰማዩንም በሩንም እንድትጠብቅ ነው። መብራት በአንዴ አይጠፋም። የሰው ዓይን ጨለማን የሚለምደው ቀስ ብሎ ስለሆነ በሰባት ደቂቃ ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል። ይህን እኛ ማስመሸት እንለዋለን። ማስመሸት ከተጀመረ በኋላ በር አይከፈትም፤ የፈለገ ትልቅ ሰው ቢመጣ ውጭ ይጠብቃል። በየደረጃው ጫፍ ደግሞ የክብሪት ራስ የምታህል ቀይ መብራት አለች።

ከአምስት ወር በፊት የፕላኔታሪየሙ ኃላፊ እነዚህ ቀያይ መብራቶች ሰማዩን ያበላሻሉ ብለው በጥቁር ፕላስተር አስለጠፏቸው። ኃላፊው የፊዚክስ መምህሬም ነበሩ። ተማሪዎች እሳቸው በሌሉበት ‹‹ፀሐይ›› ይሏቸዋል፣ ሁሉም እንዲዞራቸው ስለሚፈልጉ። እኔ ከትናንት ወዲህ አንቱ ልላቸው ምላሴ እምቢ ብሎኛል፤ መርማሪው ግን በመዝገብ ላይ ‹‹አለ›› ተብሎ አይጻፍም ስላሉኝ ‹‹አሉ›› ብለው እንዲጽፉ ተስማምቻለሁ። ስለ ፕላስተሩ በቃል ነገርኳቸው፤ ሲኒማ ቤትም ሰው በጨለማ ይገባል አሉኝ። ላጥኩት፤ መልሰው አስለጠፉት። ከዚያ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጽፌ ለዲኑ ግልባጭ አደረግሁ። ብዙም ሳይቆይ በሥነ ምግባር ጉድለት ውሌ እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው።

ከሥራ መባረሬን ለእናቴ አልነገርኳትም። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እኔንም ያስተማረችኝ በዚያው የስፌት መኪና ነው። ስምንት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ቦርሳዬን አንግቼ እየወጣሁ ቤተ መጻሕፍት ስቀመጥ ከረምኩ። እሷ ግን የሕዝብ ትርኢት መኖሩን ከደንበኛዋ ሰማች። ልጄ የምትሠራበትን ሰማይ ሳላየው ልሙት እንዴ ብላ ያዘችኝ። ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው፣ እንደ እንግዳ አብረን እንቀመጣለን አልኳት። አንዱ ውሸት ሌላውን ሲወልድ እንዲህ ነው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ከ45 ላይ ደረስን። በር ላይ የነበሩት ተጎጂው ጥበቃ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው እኔን ‹‹ኮከብ ቆጣሪዋ›› ነው የሚሉኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ዛሬ ኮከቤ ምን ይላል ብለው ይጠይቁኝ ነበር፣ እኔም ጡረታ ይላል ጋሼ እላቸው ነበር። አራት ወር ነው የቀራቸው። ትናንት ሲያዩኝ ገና ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ከአጠገቤ እናቴን አይተው፣ ፊቴን አይተው ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እናቴን ሁለት እጃቸውን ሰጥተው ጨበጧትና ‹‹ልጅዎን እኛ ነን የምናስቸግራት፣ ዕረፍት እንኳ አንሰጣትም›› አሏት። ሳልለምናቸው ዋሹልኝ።

ስንገባ አሥራ አራቱም መብራቶች ተለጥፈው አየሁ። የኦፕሬተሯ ወንበር ባዶ ነበር። ከእኔ በኋላ ሰው አልተቀጠረም፤ ኃላፊው ከታች ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆመው ማይክ በአንድ እጅ፣ ታብሌት በሌላው ይዘው ብቻቸውን ነው የሚያንቀሳቅሱት። እኔና እናቴ በሰባተኛው ደረጃ በኩል፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጥን። አርፌ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። እግሬ አልቆም አለ። ጎንበስ ብዬ የሰባተኛውን ደረጃ ፕላስተር በጥፍሬ ፋቅሁ፣ ግማሹ ተላጠ፣ ግማሹ ቀረ። ቀና ስል በሩን አያለሁ፤ ከበሩ ወደ ባዶው ወንበር፣ ከወንበሩ ደግሞ ወደ ደረጃው። እናቴ ጉልበቴን ይዛ ቁንጫ ገባብሽ እንዴ አለችኝ።

ማስመሸት የተጀመረው 9 ሰዓት ከ5 ላይ ነው። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። በሃምሳ ሰከንድ ጨለመ።

ኃላፊው ትርኢቱን ማንበብ ጀመሩ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ባለፈው ክረምት እናቴ ስትሰፋ አጠገቧ ሆኜ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ያረምኩት ነው። በመግቢያው ስክሪን ላይ ግን ጽሑፍና ዝግጅት ተብሎ የተጻፈው የእሳቸው ስም ነው። ጥቁር ጨርቅ በመርፌ ወግታችሁ ወደ መስኮት አንሡት፣ የሌሊት ሰማይ እንደዚያ ነው የሚለው ቦታ ሲደርሱ እናቴ ክንዴን ጨበጠችው። ያንን ነገር ያለችው እሷ ናት፤ እኔ ከአፏ ነው የወሰድኩት። በጆሮዬ ‹‹አለቃሽ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ እንዴ?›› አለችኝ። ሳቋ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። ሳቋን አቆመች። ከዚያ በኋላ ክንዴን አልለቀቀችም።

9 ሰዓት ከ20 ግድም በሩ ተከፈተና የቀን ፀሐይ እስከ ታች ድረስ ገባ። የዲኑ ሁለት እንግዶች ዘግይተው መጥተው ነው። ጋሼ ቀድመው ባትሪያቸውን ወደ ደረጃው አብርተው መውረድ ጀመሩ። ኃላፊው በማይክ ‹‹ባትሪውን አጥፉልን፣ ሰማዩን አበላሻችሁት›› አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሼ ታዛዥ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታዘው ኖረዋል። ባትሪው ጠፋ፣ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ። ከፀሐይ የገባ ሰው በዚያን ጊዜ መዳፉን እንኳ አያይም። የቦት ጫማቸውን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሲል ሰማሁ። ስድስተኛው እርምጃ አልመጣም። የመጣው የሰው አካል ደረጃ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው። እናቴ ‹‹ኧረ ሰው ወደቀ!›› ብላ ጮኸች። ኃላፊው እባካችሁ ጸጥታ ብለው ስለ ሳተርን ቀለበት ቀጠሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አዳራሹ ጨለማ ነበር። ሰማንያ ሰው ሰምቷል።

የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ላይ ስወጣ ጋሼን በእግሬ ዳስሼ ተሻገርኳቸው። የደረጃውን ቁጥር እግሬ ያውቀዋል። ጠረጴዛው ዘንድ ደርሼ የአደጋ ጊዜ መብራቱን ማብሪያ ክዳን ከፈትኩና ቁልፉን አዞርኩት። ሁሉም በአንዴ በራ። ጋሼ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ደረጃ ተንሸራተው በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ቅንድባቸው ይደማል፣ የግራ እጃቸው አንጓ ታጥፏል። እንግዶቹ ከላይ እንደቆሙ ናቸው። እናቴ ቀድማኝ ሻርፗን አጥፋ ከራሳቸው ሥር አድርጋለች።

ኃላፊው ከታች ሆነው በማይኩ፣ ይህቺ ከሁለት ወር በፊት የተባረረች ናት፣ ቂሟን ልትወጣ ነው የመጣችው አሉ። ማይኩን አላጠፉትም ነበርና ቃሉ ከጣሪያው ላይ ወረደብን። እናቴ መባረሬን የሰማችው እንዲህ ነው። ወደ እኔ አልዞረችም። ተንበርክካ እንዳለች ወደ ታች አይታ ‹‹የተባረረችው ከደረሰች እርስዎ ያልተባረሩት የት ነበሩ?›› አለቻቸው። ማንም አልሳቀም።

ጋሼ በሰጡት ቃል ብርሃን ዓይኔን ሲወጋኝ ወደቅሁ ማለታቸውን መርማሪው ነግረውኛል። ጋሼ ውሸታም ናቸው አልልም። ራሱን የመታ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ነቅቶ ያየውን ነው፤ እሳቸው ነቅተው ያዩት የእኔን መብራት ነው። ሌላም ምክንያት ቢኖራቸው አራት ወር ለቀረው ሰው አልፈርድበትም። ተጠርተው ከእኔ ጋር ፊት ለፊት እንዲጠየቁ አልፈልግም። የእሳቸው ቃል የእሳቸው፣ የእኔም የእኔ ሆኖ ይጻፍ።

ዛሬ ጠዋት ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ኃላፊው ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጥተው ነበር። በመርማሪው በኩል ያስተላለፉልኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ በስሜት ተነሣሥቼ መብራት በማብራቴ ሰው ደንግጦ ወድቋል ብዬ ይቅርታ ከጻፍኩ ክሱን ያነሣሉ፣ ውሌም ይታደሳል። መርማሪው በክፋት ሳይሆን እንደ ወንድም፣ እህቴ ነገሩን አታክሪው፣ ሥራሽም ይመለስልሻል አሉኝ። እናትሽን አማክሪ ተባልኩና ወጣሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። ጉዳዩን ሁሉ ሰማችኝ። ከዚያ ስምንት ሳምንት ሙሉ ምሳሽን የት ነበር የምትበዪው ብላ ጠየቀችኝ። ግቢ፣ ያየሽውን ተናግረሽ ነይ አለችኝ።

ስለዚህ ይቅርታውን አልጽፍም። በምትኩ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ፕላስተሮቹ ሳይነኩ፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ መርማሪው ራሳቸው ከውጭ ይግቡና በሩ ተዘግቶባቸው፣ ባትሪ ሳይዙ አሥራ አራቱን ደረጃ ይውረዱ። እኔ ከታች ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ፤ ቢወድቁ አነሣቸዋለሁ። እስከዚያ ድረስ እዚሁ ቆዪ ብትሉኝ እቆያለሁ።

በመጨረሻ የምጨምረው አለ። መርማሪው ይህ በክሱ ውስጥ የለም፣ ለራስሽም አይጠቅምሽም ብለውኛል፤ እንዲጻፍ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ፕላስተሩን ገና ስገባ አይቻለሁ። ወንበሩም ባዶ እንደሆነ አይቻለሁ። ማስመሸቱ በሃምሳ ሰከንድ ሲያልቅም ሰዓት ይዤ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ምን ሊመጣ እንደሚችል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተነሥቼ ብናገር ኃላፊው መባረሬን በእናቴ ፊት እንደሚናገሩ አውቄ ዝም አልኩ። አንዱን ፕላስተር በጥፍሬ እየፋቅሁ አሥራ ሦስቱን ተውኳቸው። ጋሼ ስለ እኔ ሲሉ በር ላይ ዋሽተው ሳለ እኔ ስለ እሳቸው አንድ ቃል አልወጣኝም። ጥፋቴ ማብራቴ አይደለም፤ መዘግየቴ ነው። በዚህ ልጠየቅ።

ከላይ የተጻፈው ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። በሁለት ቦታ ‹‹ረበሽኩ›› ተብሎ ተጽፎ ስላገኘሁት አሰርዤ ‹‹አበራሁ›› አስጽፌያለሁ፤ በስርዙ አጠገብ ፈርሜያለሁ። የቀረው ያየሁትና ያደረግሁት ነው፤ የትም ብጠራ የምደግመው ይህንኑ ነው።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ በጠየቀችው መሠረት አዳራሹ ታሽጎ እንዲቆይ ታዟል። ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረጃውን እኔ ራሴ እወርዳለሁ።