ያላመማቸው የልብ ሕመም

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ሼህ ይማም የሚባሉ፣ በአቅራቢያችን ያለው የቀወት ወረዳ ገበሬ የስኳር በሽታ መርፌያቸውን የሚወጉት እኛ ጋ ነበር። አንድ ቀን ከሚስታቸው ከእትዬ ዘሀራ ጋር መጡና፣ «ቶሎ ውጋኝ ልጄ፣ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ አለብኝ» አሉኝ። ልብሳቸው በላብ ርሷል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ሙቀቱ ነው» አሉ። እዚያ አገር ላብ ማንንም አያስደነግጥም፤ የሳቸው ገላ ግን ቀዝቃዛ ነበር። የልብ ምታቸውም ይዛባል።

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም!»

«ስኳር ሲቆይ የልብን ደም ሥር ያጠባል፤ ሕመም የሚያሰማውንም ነርቭ ያደነዝዛል። ልብዎ ተጎድቶ ላይሰማዎት ይችላል። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንሂድ።»

«ሳያመኝ ታመሃል ትለኛለህ?» ብለው ሊነሱ ሲሉ እትዬ ዘሀራ ክንዳቸውን ያዙ። «ስብሰባው ያላንቱም ይሰበሰባል። እኔ ያላንቱ ምን ልሆን ነው?»

አስፕሪን አስዋጥኳቸውና የጭነት መኪና ለምነን የጣርማ በርን ተራራ ተሻግረን ሆስፒታሉ ደረስን። ሐኪሙ በመሣሪያ መረመራቸውና፣ «ልባቸው አሁን ተጎድቷል፤ ከዚህ በፊትም አንዴ ተጎድቶ ጠባሳ ትቶበታል» አለን። ሼህ ይማም፣ «ለካ እኔ ማሽላዬን ሳጭድ ሞት መጥቶ ሄዷል፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ተኝተው ታከሙ፤ የየቀን ክኒን ታዘዘላቸው፣ የመርፌው መጠን ተስተካከለ፣ ጨው ተከለከሉ። ቆይቶ እኔ ወደ ሌላ አገር ስዛወር፣ ከእትዬ ዘሀራ ጋር እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግራቸው መጥተው ሸኙኝ።