የቲማቲም ዘመድ

ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት የልጄን የልደት ኬክ ልወስድ ገባሁ። ካርቶኑን ስከፍተው ክሬሙ ላይ ጡሩምባ የመሰለ ትልቅ ነጭ አበባ ተሰክቷል፤ ያ ከየግቢው አጥር ወደ ታች የሚንጠለጠለው መርዛማ አበባ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ደሜ ፈላ። ባለቤቱን አስጠርቼ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሰው የሚያሳብደው የአስተናግር ቤተሰብ ነው። ልጆች ክሬሙን ሲልሱ አበባውን የሚተዉት መስሎህ ነው?» አልኩት።

እሱ እቴ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና፣ «እህቴ፣ አታካብጂ። ቤተሰቡ የቲማቲምና የድንች ነው ይላል። ቲማቲም አትበዪም?» አለኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚበላም የሚገድልም ተክል አለ እያልኩ ክፍል ውስጥ ስጮህ እከርማለሁ፤ ይሄ ሰውዬ ግማሹን ይዞ መልሶ እኔኑ ሊያስተምረኝ ነው።

መከራከሩን ተውኩት። አበባውን ከነክሬሙ ነቅዬ ወደ አፉ አስጠጋሁና፣ «እንግዲያው በሞቴ፣ ይቺን ቲማቲም ጉረስልኝ» አልኩት። ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። አፉን ግጥም አድርጎ ወደ ኋላ ሸሸ።

ለልጄ ሲሆን ቲማቲም ነበር።