መድረክ ላይ የተፈታች ሚስት

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሊደርስ ሲል ከትምህርት ቤት ወጥቼ በከተማችን በዚንደር አሮጌ ግንብ ሥር ሳልፍ ማላም ጋምቦን ባዶ የአህያ ጋሪ እየነዱ አገኘኋቸው። ማላም ማለት መምህር ነው፤ እሳቸውም አርባ ዓመት ሙሉ ደረሳ የሚባሉትን የቁርኣን ተማሪዎች ያስቀሩ፣ የሰፈሩ ሰው ሃይማኖት ነክ ነገር ግራ ሲያጋባው የሚጠይቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋሪ ሲነዱ ግን አይቼ አላውቅም። ባለቤታቸው ዴሉ ከኋላ ይከተላሉ።

«ማላም፣ በደህና ነው?» አልኳቸው።

«ደህናስ አይደለም። ልጄን ከነአልጋዋና ከነሳህኖቿ ላመጣ ነው። ትናንት ተፈታች።»

«ታሳላ? ማን ፈታት?»

«ላዋሊ ነዋ። ሌላ ባል አላት እንዴ? ያውም በአራት መቶ ሰው ፊት።»

ነገሩ ገባኝ። ላዋሊና ታሳላ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም የሰፈራችን ተዋንያን ናቸው። ትናንት ባሳዩት ቲያትር ላዋሊ «የባሚያው ወጥ ጨው በዛበት» ብሎ ሚስቱን የሚፈታ ቁጡ ባል ሆኖ ነበር። ሚስቲቱ ታሳላ ነበረች። «ፈትቼሻለሁ» የሚለውንም ሦስት ጊዜ ብሏል። ቲያትሩን የጻፍኩት ደግሞ፣ ምን እደብቃለሁ፣ እኔ ነኝ።

«ማላም፣ ላዋሊ እኮ እኔ የጻፍኩለትን ቃል ነው ያለው።»

ቆም አሉ። «እንግዲያው የፈታሃት አንተ ነህ? አንተ ደግሞ መቼ አግብተሃት ነው የምትፈታት?»

«ጨዋታ ነው ለማለት ነው።»

«በኒካሕና በፍቺ ጨዋታ የለም። የቀለደበትም እንደ ምሩ ይቆጠርበታል። ይሄን እኔ አላመጣሁትም፣ ከኪታብ ነው። አፍ የእሱ፣ ሚስት የእሱ፣ ቁጥሩ ሦስት። ምን ቀረ?»

ተምረናል የምንል ሰዎች አንድ ክፉ አመል አለብን፤ ሽማግሌ ሲከራከረን ምንም ያላነበበ ይመስለናል። እኔም ስለ ኪነ ጥበብ ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላቸው። ማላም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ አህያዋን «ሂጂ» አሏት። የሰጡኝ መልስ ይኸው ብቻ ነው።

ላዋሊ ከገዛ ቤቱ በር ውጭ አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ደረስን። የአማቱ ቃል በሰው ከደረሰው ጀምሮ ወደ ቤቱ አልገባም። ላዋሊ ማለት በልምምድ መሐል አዛን ሲሰማ የንጉሥ ካባውን አውልቆ ለሶላት የሚታጠብ፣ ውዱእ የሚያደርግ ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሲነገረው ደነገጠ እንጂ አልሳቀም።

«አባባ፣» አለ፣ «ወሏሂ በልቤ ፍቺ አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ ቲያትሩን እተዋለሁ። ታሳላ ብቻ ትቅርልኝ።»

«አሁን ብትተው የወጣ ቃል ይመለሳል? ከበሮና ሶላት በአንድ ቤት አይኖሩም ብዬ ቀድሞ ነግሬሃለሁ።»

ታሳላ ከውስጥ ወጣች። «እኔን ማን ጠየቀኝ? እሱ ቲያትሩን ይተዋል፣ እርስዎ ሳህኔን ይጭናሉ። እኔም እኮ ተዋናይ ነኝ። ሶላቴንም ጾሜንም አጉድዬ አላውቅም።» እንዲህ ትበል እንጂ ዓይኗን ከጋሪው ላይ አልነቀለችም። ሦስቱ ፍቺ ከጸና፣ ሌላ ባል አግብታ እሱም ካልፈታት በቀር ወደ ላዋሊ መመለሻ የላትም። ይህን ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ተምራዋለች።

ማላም የአበባ ሥዕል ያለባቸውን የሠርግ ሳህኖች መጫን ጀመሩ። ግማሹን እንደጫኑ አዛን ተባለ። ሁላችንም ቆምን፤ ማላም አሰገዱን፣ ላዋሊም ከጀርባቸው ሰገደ። ሶላቱ እንዳለቀ ማላም ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

«አባባ፣» አለች ታሳላ፣ «ጭነው ከመጨረስዎ በፊት አንድ ትምህርት ይድገሙልኝ። የፍቺን ምዕራፍ እንዴት ነበር የሚያስቀሩን?»

ማላም አስተምሩ ከተባሉ ቤት ቢቃጠልም ይቀመጣሉ። የሰገድንበት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡና ወዲያው ሌላ ሰው ሆኑ። ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ፣ ቅንድባቸውን ቋጠሩ፣ ድምፃቸውን አጎረነኑ።

«ባል ከገበያ ይመጣል። ተቆጥቷል። ሚስቱን እንዲህ አድርጎ ያያታል፣» ብለው እንደ ልማዳቸው ወደ ዴሉ ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንቺ ሴት! ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ ይላታል። እንግዲህ ይህ ባል...»

ዴሉ ተነሡና ጋሪው ላይ ወጥተው ከሳህኖቹ አጠገብ ተቀመጡ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ማላም።

«ተፈታሁ። ወደ ወንድሜ ቤት ይንዱልኝ።»

«እያስተማርኩ እኮ ነው!»

«አፍ የእርስዎ፣ ሚስት የእርስዎ፣ ቁጥሩ ሦስት። ይህን ምዕራፍ በየዓመቱ በእኔ ላይ ነው የሚያስቀሩት። በስንተኛው ዓመት እንደተፈታሁ አላውቅም፤ ስድስት ልጅ ግን ወልጄልዎታለሁ።»

ማላም ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «አስተማሪ እኮ የሌላ ሰው ቃል ነው የሚናገረው። በራሱ ሚስት ላይ የመፍታት ኒያም ሐሳብም የለውም። ኪታቡም ለይቶ አስቀምጦታል፤ የሌላውን ፍቺ የሚተርክ ሰው...» እዚህ ላይ ራሳቸው ቆሙ።

«ላዋሊስ የማንን ቃል ነው የተናገረው?» አለች ታሳላ በቀስታ።

ማላም ዞረው እኔን አዩኝ። «የዚህን።» ትንሽ አሰቡና «ግን ደረሳዎቼ ትምህርት መሆኑን ያውቃሉ፣» አሉ።

«አራት መቶውም ሰው ቲያትር መሆኑን አውቆ ነው የመጣው፣» አልኩ። ረጅሙን ንግግር አልደገምኩትም።

«ይሁን። የእኔ ትምህርት ነው። የእናንተው ምን ያስተምራል?»

«በጨው ምክንያት ሚስቱን የፈታው ባል፣ መጨረሻው ላይ ደጅ አቧራ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ አባባ፣» አለ ላዋሊ። «ችኩል ባል ሁሉ እንዲያየው ነው።»

ማላም አማቻቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እሱንስ አይቼዋለሁ፣» አሉ። ከዚያም ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ፍቺው አልጸናም» ብለው ፈረዱ። ታሳላ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።

«እኔስ?» አሉ ዴሉ ከጋሪው ላይ።

«አንቺም አልተፈታሽም።»

«እንግዲያው ሳህኖቹን ያውርዷቸው። የጫኗቸው እርስዎ ነዎት።»

ማላም ሳህኖቹን እያወረዱ ሥርዓት አወጡልን። ቲያትሩ ከመጀመሩ በፊት «የሌላ ሰው ታሪክ ነው» ተብሎ ለሰው ሁሉ ይነገር፣ አዛን ሲባል ከበሮው ዝም ይበል፣ ጽሑፉንም እሳቸው አስቀድመው ይዩት። «ሰዎች እንደነገሩኝ የዒዳውን ቀን ተሳስተሃል፣» አሉኝ። እውነትም የተፈታች ሴት ዳግም ከማግባቷ በፊት የምትቆየውን ቀን ስቆጥር ተሳስቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ተጠቅመናል። ሴት ልጆቻቸውን ከቲያትር ይከለክሉ የነበሩ አባቶች፣ ማላም ከፊት ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ አይተው ይዘዋቸው ይመጣሉ። ሰፈር ውስጥ በወጥ ሰበብ ሚስቱ ላይ የጮኸ ባል ካለ ጎረቤቱ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «አቧራው ይጠብቅሃል» ይለዋል። ላዋሊም ሳይሰግድ ወደ መድረክ አይወጣም፤ ይህ ግን ዱሮም ነበረ።

ማላምም ቢሆኑ ተለውጠዋል። የፍቺው ምዕራፍ ሲደርስ ደረሳውን ዝም አሰኝተው «ዴሉ፣ ልጀምር ነው፤ የሌላ ሰው ታሪክ ነው» ብለው ወደ ማጀት ይጣራሉ። ዴሉ «ሰምቻለሁ» እስኪሉ ድረስም ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው አይስቡም።